ለማሩ ማን ይመስክርለት?

በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ እንፍራንዝ አክስቴ ቤት ነበርኩ። እንፍራንዝን የማታውቋት ካላችሁ፣ ከጎንደር ተነሥታችሁ ወደ ባሕር ዳር ስትወርዱ ማክሰኚትን አልፋችሁ፣ አዲስ ዘመን ሳትደርሱ የምታገኟት ከተማ ናት። በአጼ ሠርጸ ድንግል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የጉዛራ ግንብ እዚያው አጠገቧ ጉብታ ላይ ቆሟል። ከግንቡ ሆኖ ወደ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው ጣና ይታየዋል።

አክስቴን «እቴቴ» ነው የምላቸው። ያን ሰሞን ሰባት ወር የሞላውን የልጅ ልጃቸውን ይዘው ነበር። እናቱ ለሥራ ጎንደር ስለሄደች የዱቄት ወተት እየበጠበጡ ነው የሚያጠጡት። ሕፃኑ ሆዱን ሲያመው ሰንብቷል። እኔ ነገረኛው፣ ያገኘሁትን ጽሑፍ ሁሉ ማንበብ ስለምወድ፣ ቆርቆሮውን አንሥቼ ገለበጥኩት። ከሥሩ «11/2022» የሚል ቁጥር ታትሟል። በእኛ ሲሰላ ኅዳር 2015 መሆኑ ነው። ወተቱ ጊዜው ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል።

«እቴቴ፣ ይኼ ወተት እኮ ጊዜው አልፏል» አልኳቸው።

ሰባተኛ ክፍል የሚማረው ትልቁ የልጅ ልጃቸው ከጥግ ሆኖ ሰማኝ። ደብተሩን ጥሎ መጣና ቆርቆሮውን ከእጄ ተቀበለ።

«ኧረ ጋሼ፣ አላለፈም! አሁን 2015 ነው። እዚህ ላይ የተጻፈው 2022 ነው። ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል!»

ሂሳቡ ልክ ነው። 2022 ሲቀነስ 2015፣ ሰባት። በትምህርት ቤት ጥያቄ ቢሆን ሙሉ ነጥብ ያገኛል። እኔም አልሳቅሁም፤ ቀና ብዬ ሕፃኑን ነበር የማየው። ከወተቱ ይሁን ከሌላ ነገር የታመመው እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ አላውቅም። ጊዜው ያለፈ ምግብ ሁሉ በማግስቱ መርዝ አይሆንም። አምራቹ ግን «ከዚህ ቀን በኋላ አልጠየቅም» ብሎ እጁን የታጠበበትን ነገር የሰባት ወር ሕፃን እየጠጣው ነበር። ያ ሁሉ የሆነውም ማንም ሳይዋሽ ነው። ቆርቆሮው እውነቱን ተናግሯል፤ የተናገረው ግን በሌላ አገር አቆጣጠር፣ በሌላ አገር ቋንቋ ነው።

ቆርቆሮውን ይዘን ወደ ባለሱቁ ሄድን። ስሙን አልጠራም፤ ደግ ሰው ነው፣ ገንዘባችንን መለሰልን። «እኔም እንደ ልጁ ነበር የምቆጥረው» አለን።

እንግዲህ እኔ ወደ እንፍራንዝ ስሄድ ከባለቤቴ የተቀበልኩት አደራ ነበረኝ። አዲስ አበባ ካለ አንድ ሱፐርማርኬት «100% ኦርጋኒክ፣ ንፁህ የተፈጥሮ ማር» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ማር ገዝታ ነበር። ብርጭቆው ላይ የንብ ሥዕል አለ፣ አበባም አለ። የአምራቹ አድራሻ፣ ማሩ የተቆረጠበት ወቅት፣ ኦርጋኒክነቱን ያረጋገጠው ማን እንደሆነ ግን አንድም ቃል የለም። ጣዕሙም አላማራትም። «እባክህ ከአክስትህ ዘንድ እውነተኛውን ኦርጋኒክ ማር ይዘህልኝ ና» ነበር ያለችኝ።

ማታ ቡና ላይ ነገሩን አነሣሁት።

«እቴቴ፣ ኦርጋኒክ ማር ይገኝ ይሆን?»

«እሱ ደግሞ የምን አበባ ነው?» አሉኝ።

እንዲህ ነው ወዳጆቼ። ለእቴቴ ማር የሚጠራው በአበባው፣ በወቅቱና በአገሩ ነው። እኔም ማዳበሪያና መድኃኒት ያልነካው ማለት መሆኑን እንደ ምንም አስረዳሁ። ትንሽ አሰቡና የመለሱልኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«ማር ላይ ማዳበሪያ የሚነሰንስ የለም። ንቧ ግን የት የት እንደምትውል እኔ በምን አውቃለሁ ልጄ? ከታች ሽንኩርቱ ላይ ይረጫሉ። ከዚያም ወዲያ ሩዙ ላይ ይረጫሉ። የረጩ ሰሞን ንቡ ቀፎው አፍ ላይ ረግፎ ነው የምናገኘው። የኔ ማር ስኳር የለበትም፣ ይኼን እምላለሁ። ያንን ያልከውን ግን አልምልም።»

እንዲህ ያለ እውነት የተጻፈበት የማር ብርጭቆ አዲስ አበባ ውስጥ አይቼ አላውቅም።

እቴቴ ማር የሚሸጡት ለሚያውቃቸው ሰው ነው። ገዢው ቤታቸውን ያውቃል፣ ቀፏቸው የተሰቀለበትን ዛፍ ያውቃል፣ በማኅበርና በእድር ያገኛቸዋል። ስኳር ቢቀላቅሉ የሚበላሸው ማሩ ብቻ አይሆንም፣ ስማቸውም ነው። ስለዚህ ማሰሯቸው ላይ ምንም አይጻፍም፤ ምስክሩ ፊታቸው ነው። አብዛኞቻችን የምንለው እንግዲህ «ዱሮ እንዲህ ነበርን፣ አሁን ተበላሸን» ነው። የዚያችው የእንፍራንዝ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል።

በ1691 ዓ.ም. ክረምት ሻርል ዣክ ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ከካይሮ ተነሥቶ በስናር በኩል አድርጎ ጎንደር ገባ። የመጣው አጼ ኢያሱን፣ ታላቁ ኢያሱ የምንላቸውን፣ ከያዛቸው የቆዳ ሕመም ለማከም ነበር። በጎንደር ቆይታው እንፍራንዝንም አይቷታል። ወደ አገሩ ተመልሶ ባሳተመው ጽሑፍ ከተማዋ ከጎንደር ብታንስም ቤቶቿ ያማሩ እንደነበሩ፣ በመካከላቸውም ሁልጊዜ የሚለመልም አጥር እንደነበረ ይነግረናል። ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች ተቀላቅለው የሚኖሩባት፣ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን በገሃድ የሚፈጽሙባት ከተማ መሆኗም አስገርሞታል።

የእንፍራንዝ ትልቁ ንግድ ምን ነበር ብትሉ፣ ፖንሴ ሁለት ነገር ይጠቅሳል። አንዱ አንገት የሚያስደፋን ነው፤ የባሪያ ንግድ። ሁለተኛው ዝባድ ነው። ዝባድ ከጥርኝ የሚገኝ፣ አውሮፓውያን ለሽቶ የሚሹት ቅባት ነው። ከእንፍራንዝ ነጋዴዎች መካከል እስከ 300 ጥርኝ የሚያረቡ ነበሩ ይላል ሐኪሙ። ጥርኙን በሳምንት ሦስት ቀን ጥሬ ሥጋ፣ በሌላው ቀን የወተት ገንፎ ይመግቡታል። በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ ቅባቱን በጥንቃቄ እየፋቁ ያወጡና በከብት ቀንድ ውስጥ ጨምረው አፉን አጥብቀው ይደፍኑታል።

ልብ በሉ፤ የታሸገ ዕቃ ማለት ይኸው ነው። ቀንዱ ማሸጊያ ነው፣ ድፍኑ ማኅተም ነው። ገዢው ካይሮ ወይም ከዚያ ማዶ ያለ ነጋዴ ነው፤ የእንፍራንዙን ሰውዬ ፊት አይቶ አያውቅም፣ ቤቱንም አያውቅም፣ በእድርም አያገኘው። ስለዚህ የእቴቴ ዓይነት ምስክርነት እዚያ አይደርስም። ቅቤ ወይም ሌላ ስብ የተቀላቀለበት ዝባድ ደግሞ በዓይን አይለይም። ያኔ ዝባድ የመቀላቀል ነገር በየንግድ ከተማው የታወቀ ማጭበርበር ነበር።

ከዚህ የተነሣ ምን ሆነ መሰላችሁ? አምስተርዳም ውስጥ ያሉ ነጋዴዎች ጥርኞችን አስመጥተው በገዛ ከተማቸው ማርባት ጀመሩ። ከምሥራቅ የሚመጣው ዝባድ በመደባለቅ ይጠረጠር ስለነበር፣ ገዢዎች የአምስተርዳሙን ይመርጡ ጀመር። ጥርኝ ከጥንትም የኖረበት አገር ወደ ኋላ ቀረ፤ ጥርኝ ያልተፈጠረበት አገር ታማኝ ተባለ። አንድም ቀን ቀላቅሎ የማያውቅ የእንፍራንዝ ነጋዴ አልነበረም ትላላችሁ? ነበር እንጂ። ንፁሕነቱን ግን ሩቅ ላለ ሰው ሊያሳይ አልቻለም። ቀላቃዩም አልቀላቃዩም አንድ ዓይነት ቀንድ ነው የሚልኩት።

አባቶቻችን ታዲያ ዕቃ ሲቀበሉ ዝም ብለው የሚያምኑ የዋሆች አልነበሩም። አሞሌ ጨውን አስቡ። ከአፋር ዝቅተኛ ቦታ እየተቆረጠ በግመልና በአጋሰስ ወደ ደጋው የሚወጣ፣ ምግብም ገንዘብም የነበረ ነገር ነው። ተቀባዩ አሞሌውን ያገላብጠዋል፤ ጠርዙ ተሸርፎ እንደሆነ፣ ተሰንጥቆ እንደሆነ፣ እርጥበት በልቶት እንደሆነ ያያል። የተሰበረው ዋጋው ይቀንሳል።

ማርትሬዛው ደግሞ የበለጠ ይገርማል። በኦስትሪያዋ ንግሥት በማሪያ ቴሬዛ መልክ የተቀረጸው ጠገራ ብር እኛ ዘንድ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ መገበያያ ነበር። አገራችን ውስጥ የሚቀበለው ሰው ላቲን አያነብም። ነገር ግን የንግሥቲቱን ጌጥ ፈርጦች፣ የራሷን ሻሽ፣ የብሩን ጠርዝ በጣቱ እየዳሰሰ ይመረምር ነበር፤ አንዷ ፈርጥ ከጎደለች ወይም ከደበዘዘች «አልቀበልም» ይላል። ብሩ ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 ነው፣ ንግሥቲቱ የሞተችበት። ከዚያ በኋላ ግን ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ሌላም ቦታ ያንኑ ዓመት እየጻፉ ሲያትሙት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1935 የታተመውም «1780» ይላል። እንግዲህ ዓመቱ ውሸት ነው፤ ብሩ ግን ያው 28 ግራም የሚመዝን፣ የብር መጠኑ ያልተቀየረ ነው። ሕዝባችን ያመነው ጽሑፉን ሳይሆን ከጽሑፉ ጀርባ ያልተለወጠውን ነገር ነው። የዘንድሮው «100% ኦርጋኒክ» ብዙ ጊዜ የዚህ ግልባጭ ይመስለኛል። ጽሑፉ ያብረቀርቃል፣ ከጀርባው ማን እንዳለ ግን አይታወቅም።

አሁን ማሸጊያ ላይ የምናየው ጽሑፍም ቢሆን ከነጋዴ ደግነት የተገኘ አይደለም። አውሮፓና አሜሪካ ዛሬ እንዲህ በየፓኬቱ ላይ በጥቃቅን ፊደል የሚያሳትሙት ብዙ ሰው ከሞተባቸው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1820 ፍሬድሪክ አኩም የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ለንደን ውስጥ ባሳተመው መጽሐፍ ዳቦ ውስጥ አልም የሚባል ማዕድን፣ የልጆች ከረሜላ ውስጥ የእርሳስና የመዳብ ቀለም እንደሚጨመር አጋለጠ። እ.ኤ.አ. በ1858 ብራድፎርድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የሆነውን ደግሞ ልንገራችሁ። ስኳር ውድ ስለነበር ከረሜላ ሠሪዎች ስኳሩን በጀሶ ያበዙት ነበር። አዎ፣ በጀሶ! አንድ ቀን ጀሶ ሊገዛ የተላከው ሰው በስሕተት አርሴኒክ የተባለ መርዝ ተሰፍሮለት መጣ። ከረሜላውን ከበሉት 20 ያህል ሰዎች ሞቱ፣ ወደ 200 የሚጠጉ ታመሙ። እኛ «እንጀራ» እና «ጀሶ» የሚባሉትን ቃላት በአንድ ዜና ውስጥ ስንሰማ «እንዲህ ያለ ክፋት ከየት መጣ?» እንላለን። ከ160 ዓመት በፊትም ነበር፤ ያውም ሥልጡን በምንለው አገር።

ከብራድፎርድ ሁለት ዓመት በኋላ እንግሊዝ ምግብ መቀላቀልን የሚከለክል ሕግ አወጣች። አሜሪካ ደግሞ በ1906 (እ.ኤ.አ.) የምግብና የመድኃኒት ሕጓን አጸደቀች። ፓኬቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ክብደት ያገኘው የዋሸ ሰው ፍርድ ቤት ሊቆም እንደሚችል ከታወቀ በኋላ ነው።

«ኦርጋኒክ» የሚለው ቃል ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ሎርድ ኖርዝቦርን የሚባል እንግሊዛዊ እርሻን እንደ አንድ ሕያው አካል እየቆጠረ ጻፈ፤ «ኦርጋኒክ እርሻ» የሚለው አጠራር ከእርሱ ይጀምራል። በዚያው ዘመን የአልበርት ሃዋርድ ስም ይነሣል። ሃዋርድ ሕንድ አገር ኢንዶር በምትባል ከተማ ለዓመታት ሲመራመር የብስባሽ አሠራርን ያዳበረው የአካባቢውን ገበሬዎች እያየና ከእነርሱ እየተማረ ነው። እንደ እቴቴ ያሉ ሰዎች መምህራኑ ነበሩ ማለት ነው። ከዚያ ቃሉ አደገ፣ ዋጋ አወጣ፣ ዋጋ ሲያወጣም አጭበርባሪ መጣ፣ አጭበርባሪ ሲመጣ ደግሞ ሕግ ተከተለ። የአውሮፓ ሕግ በ1991፣ የአሜሪካ ሕግ በ1990 ወጥተው የአሜሪካው ማኅተም ሥራ ላይ የዋለው በ2002 ነው፤ ሁሉም በፈረንጆቹ።

በእነዚህ ሕጎች ኦርጋኒክ ማለት የአሠራር ስም ነው። አሜሪካ ውስጥ መሬቱ ላይ የተከለከለ ኬሚካል ካረፈ ሦስት ዓመት ሊሞላ ይገባል። የሚመረምር ሦስተኛ ወገን አለ፣ መዝገብ አለ። ፓኬቱ ላይ «ኦርጋኒክ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ከይዘቱ ቢያንስ 95 በመቶው እንዲህ የተመረተ መሆን አለበት። «በኦርጋኒክ ግብዓት የተሠራ» ካለ 70 በመቶ ይበቃዋል። እዚያ አገር ያላችሁ ወገኖቼ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከኪሳችሁ ስለሚወጣ ለይታችሁ አንብቡ። «ኦርጋኒክ» መባሉ ግን ስኳሩን አይቀንሰውም፣ ጨውንም አያነሣለትም፤ ኦርጋኒክ ብስኩት ያው ብስኩት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ «የኢትዮጵያ ገበሬ ድሀ ስለሆነ ምርቱ ሁሉ ኦርጋኒክ ነው» የሚል አባባል እንሰማለን። ይኼን አባባል እኔም ለረጅም ጊዜ አምኜው ኖሬያለሁ። ነገር ግን ኬሚካል ማዳበሪያ አገራችን የገባው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ ወዲህ ዳፕና ዩሪያ የማያውቅ ገበሬ እየቀነሰ ሄደ፤ በ2000ዎቹ ዳፕ በሌላ ዓይነት ማዳበሪያ ተተካ እንጂ ነገሩ አልቆመም። አረም ማጥፊያና ተባይ ማጥፊያውም ተከትሎ ገባ። ይኼን የምለው ገበሬውን ለመክሰስ አይደለም፤ በግማሽ ሄክታር ስምንት ሰው የሚያበላ ሰው ምርጫው ጠባብ ነው። ገጠር የመጣ ሁሉ ኦርጋኒክ አለመሆኑን እንድናውቅ ብቻ ነው። እቴቴ አልምልም ያሉት ለዚህ ነው።

በሌላ ወገን ደግሞ በእርግጥም ኬሚካል ያልነካቸው የጫካ ቡናዎች፣ ማሮች፣ ሰሊጦች አሉን። ለእነዚህ ተብሎም የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ፣ ቁጥር 488/1998፣ ወጥቷል። ይሁን እንጂ እውነተኛው ማረጋገጫ ይበልጡን የሚሠራው ወደ ውጭ ለሚላከው ምርት ነው፤ ምክንያቱም የውጭው ገዢ ወረቀቱን ይጠይቃል፣ እኛ አንጠይቅም። ማረጋገጫው ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል፤ መርማሪ በየዓመቱ ይመጣል፣ መዝገብ ይያዛል። ገበሬዎች በማኅበርና በዩኒየን ተሰባስበው ወጪውን ሲካፈሉ ይሳካላቸዋል። አንድ እናት በሦስት ቀፎ አይችሉትም። እናም አዲስ አበባ ተቀምጦ ወረቀት ማሳተም የሚችለው «ኦርጋኒክ» ሲል፣ ምናልባት እውነተኛው ማር ያላት ሴትዮ ዝም ብላ ትሸጣለች። የአምስተርዳምና የእንፍራንዝ ነገር ተመልሶ መጣ ማለት አይደል?

ስም ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አንድ ጊዜ በደንብ ያየነው በቡና ነው። ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች መንግሥታችን በ1997 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ሲያመለክት ክርክር ተነሣ። ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የነበረው ውዝግብ በሰኔ 1999 በስምምነት ተቋጨ። እኛ «የማረቆ በርበሬ»፣ «የአዳ ጤፍ»፣ «የሸኖ ቅቤ» ስንል የምንጠራው የአገር ስም ለብዙ ዘመን ያገለገለን ማኅተም ነበር። ማኅተሙ ግን ባለቤት ከሌለው ማንም ያነሣዋል። ቅቤው ሸኖን ሳያይ ሸኖ ይባላል፤ ማሩ ጎንደርን ሳይረግጥ ጎንደሬ ይሆናል።

እንግዲህ ገበያ ስንወጣ ምን እናድርግ? እኔ ባለሙያ ባልሆንም ከእቴቴ ቤት ወዲህ የያዝኳትን ልማድ ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ የማነበው በትልቁ የተጻፈውን አይደለም። «ተፈጥሯዊ»፣ «ንፁህ»፣ «የባህል»፣ «ኦርጋኒክ» የሚሉት ፊት ለፊት የሚታዩት ማሞገሻዎች ናቸው። አሜሪካ እንኳ «ተፈጥሯዊ» ለሚለው ቃል እንደ «ኦርጋኒክ» ያለ ጥብቅ ሕግ የላትም። ገልበጥ አድርጌ ከጀርባ በጥቃቅን የተጻፈውን አያለሁ። አምራቹ ማን ነው? አድራሻው የት ነው? ምን ምን ገብቶበታል? ይዘቱ በብዛቱ ቅደም ተከተል ሲጻፍ መጀመሪያ የተቀመጠው ብዙውን እጅ የያዘው ነው፤ «የማንጎ ጭማቂ» ተብሎ ውኃና ስኳር ከፊት ከመጡ ማንጎው እንግዳ ነው። «ኦርጋኒክ» ካለ ደግሞ ያረጋገጠው ድርጅት ስም ይኖር እንደሆነ እፈልጋለሁ። ከሌለ፣ ቃሉን እንደሌለ ቆጥሬ ዋጋውን አመዛዝናለሁ።

ቀኑን ደግሞ እንዲህ አስሉት። የፈረንጅ ዓመት ከሆነ፣ ወሩ ከ10 እስከ 12 ሲሆን ሰባት ዓመት፣ ከ1 እስከ 8 ሲሆን ስምንት ዓመት ቀንሱ። 9ኛው ወር ከፊሉ የአሮጌው፣ ከፊሉ የአዲሱ ዓመታችን ነው። ይህችን ሒሳብ ለልጆቻችሁ አስተምሩ፤ ከእኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ስሕተት ታተርፋላችሁ።

ባሕር ማዶ ያላችሁና ግሉተን የማይስማማው ሰው ያላችሁ ደግሞ «የጤፍ እንጀራ ነው» በሚል ብቻ አትታለሉ። ጤፍ በራሱ ግሉተን የለበትም። ብዙ ቦታ የሚሸጠው እንጀራ ግን ስንዴ ወይም ገብስ ይቀላቀልበታል። ለሌላው ሰው የጣዕም ጉዳይ ነው፤ ለዚያ ሰው የአንጀቱ ጉዳይ ነው።

ማርን በሚመለከት፣ አፈር ላይ ጠብ ማድረግም ሆነ በክብሪት መለኮስ አይታመንም፤ ስኳር መቀላቀሉን በእርግጥ የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። ማር ስለረጋ ደግሞ «ስኳር አለበት» ብላችሁ አትጣሉት። እውነተኛ ማርም ይረጋል።

ከሁሉ በላይ ግን ለእኛ ለደገኞቹ አንዲት ቃል አለች፤ «አዮዲን»። ባለፈው ዘመን አሞሌውን እያገላበጥን ስንጥቁን ስናይ የኖርን ሰዎች፣ ጨው ውስጥ ምን እንደጎደለ ግን አናይም ነበር። የደጋው አፈር በዝናብ ታጥቦ አዮዲን አጥቷል፤ እንቅርት የበዛብን በዚህ የተነሣ ነው። ጉዳቱ አንገት ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር፤ በፅንስ ላይ ያለ ሕፃን አእምሮውም ይጎዳል። በቀይ ባሕር በኩል ይገባ የነበረው አዮዲን ያለው ጨው በ1990 ዓ.ም. በጦርነቱ ሲቋረጥ ችግሩ ተባብሶ፣ በመጨረሻ በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው በደንብ ቁጥር 204 አዘዘ። እቴቴ አንገታቸው ላይ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያለ እንቅርት አለ። ጨዋቸውን ሳየው አዮዲን ያለበት ነበር፤ ነገር ግን ክዳን በሌለው ዕቃ ከምድጃው አጠገብ ነው ያስቀመጡት። አዮዲን ደግሞ ሙቀትና እርጥበት አይችልም። ፓኬቱ ላይ «በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» ይላል፤ ለእሳቸው ያነበበላቸው ሰው አልነበረም። ክዳን ያለው ጣሳ ፈለግንለት። ወጡ ከወጣ በኋላ ጨው ጨምሩበት ስላቸው «ይኼንንም ወረቀቱ ነው ያለህ?» ብለው ሳቁብኝ።

ስመለስ ሦስት ኪሎ ማር ቋጠሩልኝ። የሰባተኛ ክፍሉን ልጅ ጠራሁትና «ለዚህ ማር ጽሑፍ እንሥራለት» አልኩት። ከደብተሩ ቅጠል ገነጠለ። አያቱ እየነገሩት እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ በመጀመሪያ የአያቱ ሙሉ ስም፣ ቀጥሎ «እንፍራንዝ»፣ «የተቆረጠው ኅዳር 2015 በእኛ»፣ «ስኳር የለበትም»፣ «ከታች የሚረጭ የሽንኩርት ማሳ አለ»። የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ልጁ ሊተዋት ፈልጎ ነበር። «ይኼ ይጻፋል እንዴ? ማን ይገዛዋል?» አለ።

«ጻፈው» አሉት እቴቴ። «ከጠየቁህ አለሁ።»

ወረቀቱ እስከ አሁን ቤታችን አለ። ማሩ አልቋል።